ምዕራፍ 6፦ ጓንቱ ማንን ይጠብቃል?

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ እንደተነገረ ጓንት ከፋርማሲ መደርደሪያ ጠፋ። የጠፋው መንገድ ላይ ተገኘ። የታክሲ ረዳቱ ሰማያዊ ጓንት አጥልቆ ሒሳብ ይሰበስባል፤ በዚያው ጓንት በሩን ይስባል፣ በዚያው መልስ ይቆጥራል፣ ሲያልበው በዚያው ግንባሩን ይጠርጋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲማቲም የምትመርጥ ሴት ስልኳ ሲጠራ ጓንቷን ሳታወልቅ አንስታ ጉንጯ ላይ ትለጥፈዋለች። ጠዋት የተጠለቀ ጓንት የሚወልቀው ማታ ቤት ሲገባ ነው። አንዳንዱም ታጥቦ ይሰጣል፣ ለነገ።

እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ጓንትን ሐኪም እጅ ላይ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ ሐኪም የሚያደርገው ነገር ከበሽታ ያድናል ብለው ማመናቸው አይገርምም። ኮሮና በእጅ ቆዳ ሰርጎ እንደማይገባ፣ በዋናነት በትንፋሽ፣ አንዳንዴም እጅ አፍን፣ አፍንጫን ወይም ዓይንን ሲነካ እንደሚገባ ግን በቅጡ የነገራቸው አልነበረም። ጓንቱ የረዳቱን ጣቶች ንጹህ አድርጎ አቆየለት። ፊቱንም ተሳፋሪውንም ግን አላዳነም።

ይህ የታክሲ ረዳትና የገበያተኛ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ባላስፈለገው። ሆስፒታል ውስጥም አለ፤ ሲኖርም ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ ጓንት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ማንን ነው የሚጠብቀው? ያደረገውን? የሚነካውን ታካሚ? ወይስ ከዚህ ታካሚ ቀጥሎ ተራውን የሚጠብቀውን፣ ገና ያልተነካውን? መልሱ ባለፈው ዘመን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ሲመላለስ ኖሯል። ሦስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል። (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጓንቱ በፊት እጁ ነበር። በ1840ዎቹ የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ናቸው። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት እናቶች 11 በመቶ ያህሉ ሞቱ። በሁለተኛው የሞቱት 3 በመቶ አይሞሉም። የከተማዋ ሴቶች ይህን ያውቁት ነበር፤ ምጥ ይዟቸው ሲመጡ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል እንዳይመደቡ ተንበርክከው የሚለምኑ ነበሩ። መንገድ ላይ የወለደች ሴት እንኳ ከዚያ ክፍል ገብታ ከወለደችው የተሻለ ዕድል ነበራት።

በአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም የነበረው የቡዳ ከተማ ተወላጁ ኢግናዝ ዜመልቫይስ ምክንያቱን ያገኘው ከወዳጁ ሞት ነው። በማርች 1847 ያኮብ ኮሌችካ የተባለ የሕክምና መምህር አስከሬን ሲመረምር ቢላ ጣቱን ወጋው፤ ታመመ፣ በቀናት ውስጥ ሞተ። ሬሳው ሲመረመር የታየው ጉዳት በአራስ ትኩሳት በሞቱት እናቶች ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ዜመልቫይስ ነገሩን አገጣጠመው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ያረፍዱና ከዚያው ተነስተው ወደ ምጥ አልጋ ይሄዳሉ። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ሐኪሞቹ በሳሙና አይታጠቡም ነበር ማለት አይደለም፤ ይታጠባሉ፣ ሽታው ግን ከጣታቸው አይለቅም። ስለዚህ ሽታውን የሚያጠፋ ነገር ፈለገና በሜይ ወር ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ፤ ዛሬ በየቤቱ የምናውቀው የበረኪና የቅርብ ዘመድ ነው። በኤፕሪል ከመቶ እናቶች 18 ሞተው ነበር። በጁን ከመቶ 2፣ በጁላይ 1 ያህል ሆነ።

ባክቴሪያ የሚባል ነገር ስለመኖሩ ዜመልቫይስ ምንም አያውቅም ነበር። ያሳደደው ሽታ ነው፤ ሽታውን ሲያሳድድ ገዳዩን አገኘ። የሙያ ባልደረቦቹ ግን ገዳዩ የገዛ እጃቸው መሆኑን ለመስማት አልፈቀዱም። በ1865 በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን መቆያ ውስጥ፣ ባመረቀዘ ቁስል ሳቢያ ሞተ።

የክሎሪኑ ውኃና እሱን የተከተሉት መድኃኒቶች አንድ ጣጣ ነበራቸው፤ እጅ ይበላሉ። ጓንት የተወለደው ከዚህ ጣጣ ነው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከውቅያኖስ ማዶ።

በ1889 አሜሪካ ውስጥ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተከፈተ። የቀዶ ሕክምናው መሪ ዊልያም ሆልስቴድ ነበር፦ እጁ ድንቅ፣ ጠባዩ አስቸጋሪ፣ ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በራሱ ላይ ሲሞክር ሱሰኛ ሆኖ የቀረ ሰው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ከ1865 ጀምሮ በግላስጎው ያሳየው ነገር በዚህ ጊዜ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ቁስልን የሚያመረቅዘው በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር ነውና መሣሪያውም እጁም በመድኃኒት መጽዳት አለበት። በሆፕኪንስ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይፈትጋል። ቀጥሎ ፖታስየም ፐርማንጋኔት ውስጥ ይነክራል። የፐርማንጋኔቱን ቀለም ለማስለቀቅ በሞቀ ኦክሳሊክ አሲድ ያጥበዋል። በመጨረሻም ሜርኩሪ ክሎራይድ ውስጥ ያቆየዋል። በየቀዶ ሕክምናው ይኸው ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን ትባላለች፣ የሳውዝ ካሮላይና ባላባት ቤተሰብ ልጅ። እጇና ክንዷ በሜርኩሪው ቆሰለ። ሆልስቴድ በ1913 ይህን ሲጽፍ ወሩን ረስቶታል፤ በ1889ና በ1890 መካከል በነበሩት የብርድ ወራት እንደሆነ ብቻ ያስታውሳል። ያልረሳው ነርሷ እጅግ ጎበዝ እንደነበረችና በዚያም ምክንያት ነገሩን እንዳሰበበት ነው። ኒውዮርክ በሄደበት ጊዜ ጉድዪር የጎማ ኩባንያ እስከ ክንድ የሚሸፍኑ ሁለት ጥንድ ስስ የጎማ ጓንቶች ለሙከራ እንዲሠራለት ጠየቀ። ጓንቶቹ ሠሩ፤ የቆዳው ሕመም ቀረ። በ1890 አጋማሽ ሆልስቴድና ካሮላይን ተጋቡ።

የጓንት ታሪክ በተነሳ ቁጥር ይህ የፍቅር ታሪክ አብሮ ይነሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከፍቅሩ ይልቅ ከዚያ በኋላ ሳይሆን የቀረው ነገር ነው። ጓንቱ ለረዳቶች ታደለ፤ መሣሪያ ከአሲድ ውስጥ እያወጣ ለሚያቀብለው፣ መርፌ ላይ ክር ለሚሰካው። የነዚህን ሰዎች ቆዳ ለማዳን ነው። በሽተኛው ሆድ ውስጥ እጁን የሚከተው ቀዶ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እጁ ቀጠለ። ባክቴሪያ መኖሩን የሚያምኑ፣ መሣሪያቸውን የሚቀቅሉ፣ ጓንቱም መደርደሪያቸው ላይ ያለ ሰዎች፣ ጓንቱ በሽተኛውን ሊጠብቅ እንደሚችል ለማየት ዓመታት ፈጀባቸው። ዕቃው ለነርሷ ተብሎ ስለመጣ የነርሷ ሆኖ ቀረ።

ይህን የሰበረው የሆልስቴድ ተማሪ ጆሴፍ ብለድጉድ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ ሳያወላውል በሁሉም ቀዶ ሕክምና ላይ ጓንት ማድረግ ጀመረ፤ በ1899 ደግሞ ከ450 በላይ የቡአ ቀዶ ሕክምናዎችን ውጤት አወጣ። ቀድሞ ከመቶ 17 በሚጠጋ ቁስል ላይ ይታይ የነበረው ማመርቀዝ ከ2 በታች ወርዶ ነበር። ሆልስቴድም በኋላ፣ ፊት ለፊታቸው ያለውን ነገር ሳያዩ እንዴት እንደቆዩ ራሱን አስገርሞታል።

ቀጣዩ መገላበጥ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ ጓንት በአመዛኙ የኦፕራሲዮንና የማዋለጃ ክፍል ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ነርስ ደም ስትቀዳ፣ የጥርስ ሐኪም ጥርስ ሲነቅል በባዶ እጃቸው መሥራታቸውን ማንም እንደ ጉድ አያየውም ነበር። ኤችአይቪ ይህን ለወጠው። በ1987 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣው መመሪያ፣ የማንኛውም ታካሚ ደም በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ እንዲያዝ አዘዘ። የተጠረጠረው ታካሚ ደም ብቻ ቢባል ኖሮ የሚጠረጠረውን መምረጥ ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይቻልም።

የመመሪያው ጥበብ እኛ ዘንድ በተለይ ይገባል። ባለ ብዙ አልጋ ክፍል ውስጥ ለአንድ በሽተኛ ብቻ ጓንት ከተደረገ ጓንቱ ራሱ ወሬ ነው። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ያያል፣ ይገምታል፣ ማታ እቤቱ ያወራል። ለሁሉም ሲደረግ ግን ጓንት የማንንም ምስጢር አያወጣም።

ከመመሪያው በኋላ የጓንት ፍላጎት በዓለም ዙሪያ ናረ፤ የራሱን በሽታም ይዞ መጣ። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው የላቴክስ ጓንት አለርጂ የሚሆንባቸው ሠራተኞች በዙ። በቀላሉ እንዲጠለቅ ውስጡ የሚነሰነሰው ዱቄትም የላቴክሱን ፕሮቲን አየር ላይ እየበተነ ነገሩን አባባሰው። አሜሪካ ዱቄት ያለውን የሕክምና ጓንት ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ከለከለች። ዛሬ የምናየው ሰማያዊው በአብዛኛው ናይትሪል የሚባለው ሰው ሠራሽ ዓይነት ነው።

ይሁንና በዚህ ሁለተኛ መገላበጥ ውስጥ አንድ ነገር ተሰወረ። ጓንት እንደገና የአድራጊው ጋሻ ሆነ፣ እንደ ካሮላይን ዘመን። አንድ ሰው ራሱን ለመጠበቅ የለበሰውን ነገር ደግሞ ለማውለቅ አይቸኩልም።

በ2011 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። ተመልካቾች በ15 ሆስፒታሎች 56 ክፍሎች ውስጥ ቆመው፣ ሠራተኞች መታጠብ በሚገባቸው ቅጽበት መታጠብ አለመታጠባቸውን መዘገቡ። ጓንት በሌለበት ጊዜ ከመቶ 50 ያህሉ ታጠቡ። ጓንት በተደረገበት ጊዜ ቁጥሩ ወደ 41 ወረደ። ጓንት የሚደረገው እጅ ከደምና ከሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚገናኝበት ሥራ ነው፤ ይበልጥ መታጠብ በሚያሻበት ሰዓት ይበልጥ አልታጠቡም።

ለምን? የማውቃቸው ነርሶች የሚሰጡት መልስ ቀላል ነው። ሰው የሚታጠበው እጁ ሲቀፈው ነው። መግል የነካ ባዶ እጅ ራሱ ወደ ቧንቧ ይጎትታል። ጓንት ያንን መቀፈፍ ይወስድብናል፤ ቆሻሻውን ግን ይዞ ይቀራል። ባክቴሪያ ጎማ ላይም ቆዳ ላይም ይጓዛል። የአንዱን በሽተኛ ቁስል ያጠበ ጓንት የሌላው ደም ሥር ላይ የተሰካውን ካኑላ ሲነካ የሚሆነው ነገር፣ ከፍስኩ ድስት የወጣ ጭልፋ ሳይታጠብ የጾሙ ወጥ ውስጥ ሲገባ ከሚሆነው አይለይም፤ ጭልፋውን የያዘችው ሴት እጅ ንጹህ መሆኑ ወጡን አያድነውም።

ከውስጥም ቢሆን ጓንት እንደምናስበው ድፍን አይደለም። ለምርመራ የሚውለው ጓንት በፋብሪካ ሲፈተሽ ከእያንዳንዱ ምርት ጥቂቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው እንደሚችል ታስቦ ነው የሚያልፈው። ሲለበስም በጥፍር፣ በቀለበት፣ በመሣሪያ ጫፍ ይበሳል፤ በቆየ ቁጥር ይደክማል። ውስጡ ሞቃትና ላብ የበዛበት ስለሆነ ቆዳ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። ሲወልቅ ደግሞ የውጩ ቆሻሻ አንጓና ጣት ላይ ይቀራል። ጓንት ያወለቀ እጅ መታጠብ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ጓንት ከማጥለቅ በፊትም እንዲሁ፤ ባልታጠበ እጅ ከካርቶኑ የሚመዘዝ ጓንት ገና ሳይደረግ ተነካክቷል፣ የሚቀጥለውም ከሥሩ ያለው እንዲሁ።

ጓንቱን ሳያወልቁ መታጠብስ? ወይም አልኮል መቀባት? የምርመራ ጓንት ለአንድ ሰውና ለአንድ ሥራ የተሠራ ነው። ሳሙናውም አልኮሉም ጎማውን ያዳክመዋል፤ የተጣበቀውንም በእርግጠኝነት አያስለቅቅም። በአንድ በሽተኛ ላይ እንኳ፣ የሽንት ካቴተር የነካ ጓንት ወደ ቁስል ወይም ወደ ግሉኮስ መስመር ከመሄዱ በፊት ይቀየራል።

የዓለም ጤና ድርጅት መታጠቢያ ጊዜዎቹን አምስት አድርጎ ያስተምራል፤ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጽህና ከሚጠይቅ ሥራ በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ አካባቢውን (አልጋውን፣ ኮመዲኖውን) ከነኩ በኋላ። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60። ሳሙናው የግድ የሚሆነው እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ሲኖር ነው። አልኮል ከሳሙና ያነሰ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ጄኔቫ ውስጥ ሐኪሙ ዲዲየ ፒቴና ባልደረቦቹ ከ1994 እስከ 1998 የአልኮል ጠርሙሱን ወደ አልጋው አጠገብ ሲያመጡት የሚታጠበው ሰው ከመቶ 48 ወደ 66 አድጎ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ ኢንፌክሽን ከመቶ 17 ከሚጠጋ ወደ 10 ገደማ ወርዷል። ቧንቧ በሌለበት ወይም ውኃ በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

ጓንት የማያስፈልግበት ጊዜ መኖሩን መናገር ደግሞ ከባዱ ክፍል ነው፤ ሰው ስስት ይመስለዋል። የደም ግፊት ለመለካት፣ ትኩሳት ለማየት፣ የታካሚ እጅ ይዞ ለማስነሳት፣ ምግብ ለማቅረብ ጓንት አይፈለግም። ክትባት ወይም የጡንቻ መርፌ ለመውጋት እንኳ፣ የወጊው ቆዳ ቁስል ከሌለውና ብዙ ደም ካልተጠበቀ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጓንት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የታጠበ እጅና አዲስ መርፌ ነው። በክትባት ዘመቻ በባዶ እጇ የምትወጋ ነርስ ቸልተኛ አይደለችም። ያው ጓንት ሳትቀይር መቶ ሰው የምትወጋው ናት የምታሰጋው።

ለንደን የሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በ2018 ነርሶቹን ሰብስቦ መቼ ጓንት እንደማይደረግ ማስተማር ጀመረ፤ በዓመት ከ20 ቶን በላይ የፕላስቲክ ቆሻሻ ቀነሰ። እነሱን ያስጨነቃቸው ቆሻሻው ነው። እኛን የሚያስጨንቀን እጥረቱ ሊሆን ይገባል። «ጓንት ከውጭ ገዝታችሁ ኑ» የሚለውን ቃል ያልሰማ አስታማሚ ጥቂት ነው። ጠዋት ግፊት ለመለካት ተደርጎ የተጣለው ጓንት ሌሊት ደም ለሚፈሳት ወላድ ይጎድላል።

የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲመጣ ግን ድርድር የለም፦ ደም፣ መግል፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ትውከት፣ የአፍና የብልት ውስጠኛ ቆዳ፣ የተከፈተ ቁስል። በደምና በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፈው የማርበርግ በሽታ በሩዋንዳ በ2024 ሲነሳ ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ይኸው በሽታ እኛው አገር፣ በጂንካ መገኘቱ ሲታወጅም የጤና ባለሙያዎች ከተጠቁት መካከል ነበሩ። እንዲህ ያለ በሽታ መጀመሪያ የሚመጣው ስሙን ተሸክሞ አይደለም፤ እንደ ወባ፣ እንደ ታይፎይድ መስሎ ነው። የበሽታው ስም እስኪታወቅ ጓንት ለማድረግ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል።

ከማጥለቅ ይልቅ ማውለቅ ይከብዳል። በ2014 ማድሪድ ውስጥ የኢቦላ ታማሚ ያስታመመች አንዲት ረዳት ነርስ ታመመች፤ ሙሉ ልብስ ለብሳ ነበር የሠራችው። ገና ታማ ሳለች የተሰማው፣ ልብሱን ስታወልቅ ጓንቷ ፊቷን ሳይነካት እንዳልቀረ ነው። አወላለቁ ሥርዓት አለው። በአንድ እጅ የሌላውን ጓንት አንጓ ላይ፣ ከውጭ በኩል ቆንጥጦ ይይዛሉ፤ ቆዳ አይነካም። እየገለበጡ ያወልቁታል፤ የወለቀውን፣ ጓንት ባደረገው እጅ ይጨብጡታል። ከዚያ በባዶው ጣት በሁለተኛው ጓንት አንጓ ውስጥ ይገቡና ከውስጥ ወደ ውጭ ይገለብጡታል፤ የመጀመሪያው ሁለተኛው ውስጥ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ቆሻሻው ሁሉ ወደ ውስጥ። ወደ ማስወገጃው፣ ከዚያ ወደ መታጠቢያው። ቸኩለው ጣት ጣቱን ሲጎትቱት ግን ጓንቱ ይፈናጠራል፤ ያለበትንም ይረጫል።

ስለ ጓንት ሲወራ የሚዘለሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ቆሻሻ የምትሰበስበው፣ ደም የነካ አንሶላ የምታጥበው፣ በረኪና የምትበጠብጠው እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ግን ያው ስስ የምርመራ ጓንት ነው። ለእሷ የሚገባት ወፍራሙ፣ እስከ ክንድ የሚደርሰውና ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግለው የሥራ ጓንት ነው። ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተጣለ መርፌ ስስ ጓንት መኖሩን አያውቅም።

ወፍራሙም ቢሆን መርፌን ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ ጓንት በመርፌው ላይ ያለውን ደም በጥቂቱ ይጠርግለታል እንጂ። ኤችአይቪ ያለበት ደም የነካ መርፌ ቢወጋና ምንም ባይደረግ፣ በሽታው የሚተላለፈው ከሺህ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከመቶ ሁለት ጊዜ አይሞላም። ሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ከመቶ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ ሁሉም የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፣ ይበልጥ የሚይዘው ግን የመጨረሻው ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ የጽዳት ሠራተኛም መከተብ አለባት። መርፌ የወጋው ሰው ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ ወዲያው ያሳውቃል። ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ያገለገለ መርፌን ክዳኑን መልሶ ለመክደን መሞከር የብዙ አደጋ መነሻ ስለሆነ፣ መርፌው እንዳለ የስለት ማስወገጃ ወደሆነው ሴፍቲ ቦክስ ይገባል።

ሁለተኛው ሰው አስታማሚው ነው። እኛ አገር በሽተኛ የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ ፖፖ የሚያወጣው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው፤ ቤትም ሆስፒታልም። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቱን የሚያስታምም ልጅ ሽንትና ሰገራ ሲያጸዳ፣ የመኝታ ቁስል ሲያጥብ ጓንት ያድርግ። ቁስሉንና ሰገራውን በአንድ ጓንት አያድርግ፤ ቁስሉ ይቅደም። ጓንት ከሌለ ንጹህ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ከምንም ይሻላል፤ ከዚያ በሳሙና። ሲያጎርሳት፣ ጸጉሯን ሲያበጥር፣ እጇን ይዞ ሲያወራት ግን ጓንት አያስፈልገውም። አንዳንዱ ቤት በፍርሃት ሁሉንም በጓንት ያደርጉታል፤ በሽተኛዋ ቆዳ ሳይነካት ትከርማለች። ይህም ጉዳት ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ባለሙያውን «እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ድፍረት ነው። ዶክተርና ሲስተር አይጠየቁም። መንገዱ ግን አለ፣ የራሳችን መንገድ። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ ውኃ ይቀርባል፣ ከእጅ ላይ ይፈስሳል፤ ማስታጠብ ክብር መስጠት ነው። የቧንቧ ውኃ በጠፋበት ክፍል ጆግ ይዞ «ሲስተር፣ ላስታጥብዎት?» ያለ አስታማሚ የሚያስቀይመው ሰው አይኖርም። ቧንቧ ካለ ደግሞ ትንሽ ሳሙናና ንጹህ ጨርቅ፣ ወይም አንድ ጠርሙስ ሳኒታይዘር ከአልጋው አጠገብ ማኖር ይበቃል፤ ነርሷ ከጎረቤቱ አልጋ ጓንቷን እንዳደረገች ከመጣች «ሲስተር፣ ሳኒታይዘር እዚህ አለልዎት፤ ጓንትም ገዝቼያለሁ» ማለት ይቻላል።